ደቦው ማኅበር ሲሆን

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ ለሚወጣ፣ ረቡዕ ገበያ ከታለፈ በኋላ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ ጓሳና አስታ ከሚጀምርበት ወገብ ላይ አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ጨሞጋና ሙጋ፣ ሱሃና ጥምጫ፣ ብርም ጭምር ከእሱ ጉያ ፈልቀው ወደ አባይ ይወርዳሉ። ይህቺ ምንጭ ግን ስም እንኳ አልወጣላትም። ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ትፈልቃለች፤ ጥቂት ወርዳ ከጨሞጋ ትቀላቀላለች። ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን አንስቶ የዚያ ወገብ እንስሳትና አራዊት ሁሉ የሚጠጡት ከእሷ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታ። ከምንጯ በላይ ያለው ቁልቁለት ጓሳው ታጭዶ፣ አስታው ለማገዶ ተቆርጦ ራቁቱን ቀርቶ ስለነበር የሐምሌ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ አወረደው። የምንጯ ዓይን በደለል ተደፈነ። ከበላይዋም ቦይ ተቀደደ፤ ቦዩ በየዝናቡ እየሰፋና እየጠለቀ ሄዶ ቦረቦር ሆነ። እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ እስከ ጨሞጋ መውረድ ጀመሩ። ግልገልና ጫጩት በመንገድ ላይ እየደከመ ቀረ።

በዚያ ሰፈር አያ በሬ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ወጣትነቱን በገበሬ ቀንበር ሥር ስላሳለፈ ደቦ እንዴት እንደሚጠራ ያውቃል። የጎጃም ገበሬ ደቦ ሊጠራ ሲያስብ መጀመሪያ ማሳውን ለብቻው ዞሮ ያያል። አጨዳ ከሆነ ስንት ማጭድ እንደሚበቃው ይገምታል። ሚስቱ ጠላውን ቀድማ ትጠነስሳለች፤ ጠላው ሳይደርስ ማንም አይጠራም። ከዚያ በየቤቱ ሄዶ፣ «ሐሙስ፣ የታችኛው ማሳ፣ ገብስ አጨዳ ነው፤ ማጭድህን ያዝ» ብሎ ይናገራል። በዕለቱ ጉልበት ያለው ከፊት ይሰለፋል፣ ሽማግሌው ነዶ ያስራል፣ ድምፀ መልካሙ ያዜማል፣ ልጆች ጠላ ያመላልሳሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመራረቃል። ወንፈል ከሆነ የሄደው ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ከሆነ ግን ማንም ቀን አይቆጥርም፤ ነገ ለእኔም ይመጣሉ ብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ሥርዓት ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ነው።

አያ በሬም ቦረቦሩን ከአፉ እስከ አናቱ ዞሮ አየው። አናቱ ላይ፣ ጎርፉ መንደርደር ከሚጀምርበት ዘንድ ቆሞ ብዙ አሰበ። ከዚያ በየጉድጓዱና በየጎሬው ሄደ።

«አያ ፍልፈል፣ አለቱ ከአፈሩ በታች ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ጠየቀ። ፍልፈል ሌሊቱን ቆፍሮ አድሮ ነገረው።

«እመት አህያ፣ ማክሰኞ ድንጋይ ይጫናል። ጀርባሽ እንዴት ነው?» አላት።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው አያ» አለች።

ጉንዳኖችን «ጠጠሩን ለእናንተ ትቼዋለሁ» አላቸው። ንቦችን ብርዝ ለመናቸው። ቆቅን ንጋት ላይ እንድትጠራ አደራ አላት። ከጅብ ጎሬ ሲደርስ ግን አልተጣራም፤ አልፎ ሄደ።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ቆቅ ጠራች። ፍልፈል መሠረቱን ቆፈረ፣ አህያ ድንጋይ አመላለሰች፣ ዝንጀሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደረደረ፣ ጉንዳኖች ክፍተቱን በጠጠር ሞሉት። ክትሩ የተጀመረው ከላይ፣ ከአናቱ ነበር፤ ውሃ ከላይ ካልተያዘ ታች የተሠራውን ይዞ ይሄዳልና። ጀንበር ሳትጠልቅ የምንጯ ዓይን ተጠረገ። ብርዙ ወጣ። አያ በሬ የእያንዳንዱን ስም ጠርቶ መረቀ፤ ከጉንዳኖች እንኳ የቀረ አልነበረም። በማግስቱ ግልገሎች ከደጃቸው ጠጡ።

ዓመቱ ዞረ። አያ በሬን ጉልበቱ ከዳው፤ ከበረቱ አጠገብ መዋል አበዛ። ቦረቦሩ ደግሞ በሌላ ጎኑ መቀደድ ጀመረ፤ የሚቀጥለው ሥራ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ሆነ።

በቅሎ የገበያ ጭነት ይዞ ደብረ ማርቆስ ይመላለስ ነበር። ባለቤቱ ጉዳይ እስኪጨርስ ከአንድ ቢሮ አጥር ጋር ታስሮ ስለሚውል ብዙ ነገር አይቷል። መዝገብ አይቷል፣ ማኅተም አይቷል፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አይቷል። በቅሎ ክፉ አልነበረም። ምንጯን ይወዳት ነበር፤ ውሃዋን ጠጥቶ ያደገ ነው። እንስሳቱን ከኮሶው ሥር ሰብስቦ፣

«እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ በደቦ እስከ መቼ?» አላቸው። «ማኅበር እናቋቁም። ሰብሳቢ ይኑረው፣ ጸሐፊ ይኑረው፣ የሚሠራውም በጎ ፈቃደኛ ይባል። በጎ ፈቃደኛ ማለት ትልቅ ስም ነው።»

ሁሉም ደስ አላቸው። በቅሎ ሰብሳቢ ሆነ፤ እመት ጦጣ ጽሕፈት ትችላለች ተብሎ ጸሐፊ ሆነች። ማኅተሙ የበቅሎ ኮቴ ሆነ። ወሩ ጥር ነበር። እህል የገባበት፣ መሬቱ የደረቀበት፣ ለእርከንና ለክትር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የማይገኝበት ወር ነው።

ጥር በምዝገባ አለቀ። የመጀመሪያው ደንብ፣ «የፈቀደ ሁሉ ይመዘገባል፤ በጎ ፈቃድ አይመረጥም» የሚል ነበር። ጅብም ሰምቶ መጣ። ከሰልፉ መጨረሻ በትሕትና ቆሞ ተራውን ጠብቆ ተመዘገበ። እመት ጥንቸል ትንሽ አመነታች፤ ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው ተባለች።

ቀጥሎ ሥራ ተደለደለ። እመት ጦጣ ሥራዎቹን በአንድ በኩል፣ ስሞቹን በሌላ በኩል በፊደል ተራ ጻፈችና አንዱን ከአንዱ ጋር በመስመር አገናኘች። ማንም ለማንም አላደላም እንዲባል ነው። መቆፈሩ ለቁራና ለቆቅ ደረሰ። ከኮሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ ደመና መጠበቅ ለበሬ ደረሰ። ድንጋይ ማመላለስ ለንብ ሆነ። አህያ ዜማ አውጪ፣ ኤሊ መልእክተኛ ተባሉ። የበጎ ፈቃደኞቹን ሕፃናት ማቀፍ ለጃርት፣ የሌሊት ጥበቃ ለጅብ ወጣ። ከሩቅ እያየ እንግዳ መቀበል ከመጨረሻው ስም ጋር ተገጣጠመ፤ የፍልፈል ሆነ።

ፍልፈል፣ «እኔኮ ዓይኔ ብዙም አያይ፤ መቆፈር ነው የምችለው» አለ።

«መቆፈር ተይዟል» አለች እመት ጦጣ።

አያ በሬ ታዛዥ ስለሆነ የፊት እግሮቹን ከኮሶው ግንድ ላይ አድርጎ አንድ ቀን ሙሉ ዋለ። መዝገቡ ላይ «በመውጣት ላይ ነው» ተብሎ ተጻፈለት። በማግስቱ ወደ በረቱ ተመለሰ። ንቦች አንዲት ጠጠር ለስምንት አንስተው ጥቂት ካንገዋለሏት በኋላ ጣሏት። ቁራና ቆቅ በመንቁራቸው ሲጭሩ ውለው ያወጡት አፈር አንድ እፍኝ አልሞላም። ድንጋዩ ከነበረበት ሳይንቀሳቀስ ሲመሽ ያየችው እመት አህያ ዜማውን ትታ መጫን ጀመረች። ማንም ጫኚ አላላትም፤ ማንም ተዪም አላላትም።

የካቲት የሥልጠና ወር ሆነ። በቅሎ እንስሳቱን ከኮሶው ጥላ ሥር አስቀምጦ ምንጭ ለምን እንደምትወደድ አስተማራቸው። እንቁራሪት ከምንጯ የተወለደች፣ ሌላ ቤት የማታውቅ ናት፤ እሷም ተቀምጣ ተማረች። መጋቢት የመለያ ወር ሆነ። በጎ ፈቃደኛ ከሌላው እንዲለይ ቀይ ክር በአንገቱ እንዲያስር ተወሰነ። ክሩ የተቆረጠው በሰብሳቢው አንገት ልክ ነበር። ኤሊ ክሩ ረዝሞ እግሯን እየጠለፈ ሲጥላት ሰነበተች። በሬ በረቱ ድረስ ቢላክለትም ሊያስረው ሲል ጉሮሮውን ያዘው።

በእነዚህ ሦስት ወራት አህያ ብቻዋን አንድ ክትር ጨረሰች። ክትሩ ግን ከታች፣ ከስብሰባው ቦታ አጠገብ ነበር። በቅሎ ሲቀመጥ እንዲታየው ብሎ እዚያ አስጀምሯት ነው።

በኅዳር ሽመላዎች ከሰሜን መጡ። በየዓመቱ ብርዱን ሽሽት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ናቸው፤ ደጎች ናቸው፣ የጮቄን ውሃም ይወዳሉ። ማኅበር መቋቋሙን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው አንድ ጆንያ ገብስ አመጡ።

«ይህ ለሚደክሙት ነው» አሉ። «ስንት ናችሁ?»

ቦረቦሩ ስንት ክንድ እንደሚጠልቅ አልጠየቁም። ምንጯ ስንት እንስሳ እንደምታጠጣም አልጠየቁም። ጥያቄው አንድ ብቻ ስለነበር እመት ጦጣ ለእሱ መልስ ለማዘጋጀት ተነሳች። መጀመሪያ ራስ ቆጠረች። ቁጥሩ አነሰባት። ጉንዳኖችን ከጎሬያቸው አስጠርታ ቆጠረች፤ ሽመላዎቹም አደነቁ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ መጨመር ስላለበት እግር መቁጠር ተጀመረ። በዚያ ዓመት የማኅበሩ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ መቶ እግሬ ሆነ። መቶ እግሬ አንድም ቀን ወደ ቦረቦሩ ወርዶ አያውቅም፤ ቢሆንም እግሮቹ ስለ ምስጋናው አንድ በአንድ ተነስተው ታዩ።

ገብሱ ደግሞ መከፋፈል ነበረበት። ማን እንደ ሠራ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ፤ ማን እንደ ተቀመጠ ግን መዝገቡ ላይ አለ። ስለዚህ ለስብሰባ ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ገብስ ተሰጠ። አህያ በዚያ ሰዓት ድንጋይ ላይ ስለነበረች አልደረሳትም።

በማግስቱ ጉንዳኖች ከሰብሳቢው ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ጉንዳን አፈር ሲሸከም የኖረ ፍጥረት ነው፤ በአያ በሬ ደቦ ጠጠሩን ሲሞላ ዋጋ አልጠየቀም፣ ዋጋ እንዳለውም አላሰበም።

«ለመቀመጥ አንድ እፍኝ ከሆነ፣ ለመሸከም ስንት ነው?» አሉ።

በቅሎ መልስ አልነበረውም። ጉንዳኖች ሄደው ከስብሰባው ተቀመጡ። እንቁራሪት ተከተለች፤ ዝንጀሮም ተከተለ። ስብሰባው በሳምንት አንድ ቀን የነበረው ሁለት ቀን ሆነ፤ ኋላም ከእሑድና ከበዓላት በቀር ዘወትር ሆነ። ንቦች ብቻ አልመጡም። ገብስ ስለማይበሉ ነው። ብርዙን ግን ማንም ስላልለመናቸው አቆሙ።

ከስብሰባው የቀረችው አህያ ናት። ድንጋዩን ስትጭን አይተው መልእክቱንም ጨመሩላት፤ ኤሊ አልደርስ ብላ ነበርና። ቀጥሎ ውሃ ከጨሞጋ እንድታመጣ ተደረገ፤ ተሰብሳቢዎች ይጠማሉ። ቀጥሎ መዝገቡን እንድትሸከም፤ መዝገቡ ከብዶ ነበር። በመጨረሻ ሰብሳቢው እግሩን ስላመመው ወደ ስብሰባ ስትመጣ እሱንም ይዛው እንድትመጣ ተባለች። በቅሎ በአህያ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ያየ ሁሉ ማኅበሩ ምን ያህል እንደ ተጠናከረ ተናገረ።

አንድ ማታ አህያ እመት ጦጣ ዘንድ ሄደች።

«እመት ጦጣ፣ ጀርባዬ ቆስሏል። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ከጎኔ አንድ የሚጭን ብታገኙልኝ ብዬ ነው» አለች።

«አንቺን የመሰለ ጠንካራ የት ይገኛል? ማኅበሩ የቆመው ባንቺ ነው» አለቻት ጦጣ። ይህን ስትል ከልቧ ነበር። አህያ በማግስቱ ስትመጣ ጭነቱ ተጨምሮ ቆያት።

ቁስሏ እየባሰ መሄዱ ሲታወቅ ማኅበሩ ዝም አላለም። ስሟ የተጻፈበት፣ የበቅሎ ኮቴ ያረፈበት የምስጋና ብራና ተዘጋጀላት። የስጦታው ሥነ ሥርዓት ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ስለ አህያ ሰባት ተናጋሪዎች ተናገሩ። እሷ ጭነቷ ሳይራገፍላት ቆማ ሰማች። ብራናውንም ከጭነቱ ላይ ደርበው አሰሩላት።

አሁን ወደ ሌሊት ጥበቃው ልመልሳችሁ። አያ ጅቦ ሥራውን በትጋት ይዞ ነበር። አንድም ሌሊት አልቀረም፤ አንድም ቀን አበል አልጠየቀም። በየጧቱ፣ «ሌሊቱ ሰላም ነበር፤ ምንም ድምፅ አልተሰማም» ብሎ ይናገራል፤ እመት ጦጣም ትጽፋለች። ሌሊቱ በእርግጥም ከቀን ወደ ቀን ጸጥታው እየጨመረ ሄደ። ጃርት የሚያቅፋቸው ሕፃናት ቁጥር ስለቀነሰ ሥራው ቀለለለት። በመዝገቡ ላይ ይህ እንደ መሻሻል ተመዘገበ።

እመት ጥንቸል አንድ ጧት እያለቀሰች መጣች። «ሁለቱ ልጆቼ የሉም» አለች።

«አቤቱታ በደንቡ መሠረት ለተረኛው ጠባቂ ይቀርባል» አለች እመት ጦጣ።

ጥንቸል ጅብ ወደ ቆመበት አየች። ከዚያ ሌሎቹን ልጆቿን ሰብስባ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ከዚያ ወገብ ለቃ ሄደች። መዝገቡ ላይ «ያለ ፈቃድ ቀርታለች» ተብሎ ተጻፈ።

የአህያ ቁስል ከሩቅ መሽተት ሲጀምር ጅብ ከሰብሳቢው ፊት ቀረበ። «እመት አህያ ለማኅበሩ ብዙ ደክማለች። ማታ ማታ እኔ ቤቷ ላድርሳት» አለ። በቅሎ በዚህ ልቡ ተነካ። በጎ ፈቃደኛ ለበጎ ፈቃደኛ ሲያስብ ማየት የዘወትር ምኞቱ ነበር። ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቆቅ ይህን ሰምታ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየበረረች አህያ ዘንድ ደረሰች። አህያ በዚያች ሌሊት ጭነቷን ከክትሩ አጠገብ አራግፋ በጨሞጋ በኩል ቁልቁል ሄደች። ብራናውን በመንገድ ላይ ርቧት በላችው። በማግስቱ ስሟ ሲጠራ አቤት የሚል ጠፋ። «ቀርታለች» ተባለ። በተከታዩ ቀን ተጠራ፤ «ቀርታለች» ተባለ። ስሟ እስከ ሰኔ ድረስ ሲጠራ ቆየ። ቤቷ ድረስ ሄዶ ምን ሆንሽ ያላት ግን የለም።

ሐምሌ ገባ። ጎርፉ ከላይ ከራቁቱ አናት ተንደርድሮ መጣና የአህያን ክትር አንስቶ ከነድንጋዩ ወሰደው። ቦረቦሩ በአንድ ሌሊት ወደ ኮሶው ቀረበ። ስብሰባው ወደ ኋላ ሸሸ። በሳምንቱ የኮሶው ሥር ታየ፤ ስብሰባው እንደገና ሸሸ። በቃለ ጉባኤው «ማኅበሩ ሰፋ ያለ የመሰብሰቢያ ቦታ አገኘ» ተብሎ ተጻፈ። በነሐሴ ኮሶው ወደቀ። ምንጯ ከኮሶው፣ ከአፈሩና ከድንጋዩ ሥር ሆነች። በዚያ ቀን የተያዘው አጀንዳ የቀይ ክሩ እድሳት ስለነበር ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ሽመላዎች በኅዳር መጡ። ከረጅም መንገድ በኋላ ስለሆነ ተጠምተው ነበር። በቅሎ መዝገቡን ገልጦ አሳያቸው፤ በጣም ብዙ እግር ተመዝግቧል።

«ውሃውስ?» አሉ ሽመላዎች።

መዝገቡ ተገላበጠ። ስለ ውሃ የተጻፈበት ገጽ አልተገኘም። ሽመላዎች ጆንያቸውን እንደያዙ ወደ ጨሞጋ በረሩ። ገብሱ ሲቀር ጉንዳኖች ወደ ጎሬያቸው፣ እንቁራሪት ወደ ጨሞጋ፣ ዝንጀሮ ወደ ገደሉ ሄዱ። ስብሰባው ላይ በቅሎና ጦጣ ብቻቸውን ቀሩ። ለብዙ ቀን ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ ቆቅ አህያን ፍለጋ ወጣች። ከጨሞጋ ዳር፣ ሣር ካለበት ሜዳ ላይ አገኘቻት። ጀርባዋ ጠግጓል፤ ጠባሳው ግን ይታያል። ቆቅ ከአጠገቧ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥታ፣

«እመት አህያ፣ ምን ሆነሽ ቀረሽ?» አለቻት።

አህያ ግጦሹን ትታ ቀና አለች። «ይህን የጠየቅሽኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለች። «ድንጋዩ አላስመረረኝም፣ እመት ቆቅ። በአያ በሬ ጊዜም ድንጋይ ነው የጫንኩት። ያን ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ማታ ከሌሎቹ ጋር አብሬ እጠጣ ነበር። ጀርባሽ እንዴት ነው የሚለኝም ነበር።»

«ብትጠሪ ትመጫለሽ?»

«ሌላ ጫኚ ካለ፣ ቀኑ ከታወቀ፣ ጅብም ከሌለ እመጣለሁ።»

ቆቅ ወደ አያ በሬ ሄደች። መቆፈር አትችልም፣ መሸከም አትችልም፤ የምትችለው ንጋት ላይ መጥራት ነው። «አያ፣ ደቦ መጥራት አስተምረኝ» አለችው። አያ በሬ ከተኛበት ተነስቶ፣ እያነከሰ፣ ወደ ቦረቦሩ ይዟት ወጣ። ሦስት ቀን አንዲትም ድንጋይ ሳያነሱ ዞሩ። ከአናቱ ላይ የትኛው ክትር መቅደም እንዳለበት፣ ስንት ጀርባ፣ ስንት ጥፍር እንደሚበቃው አሳያት። «ከሚበቃው በላይ አትጥሪ» አላት። «ሥራ አጥቶ የቆመ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም። የሚጠጣው ሳይሰናዳም አትጥሪ።»

ቆቅ ንቦች ዘንድ ሄዳ ብርዝ ለመነች። ፍልፈልን ጉድጓዱ ድረስ ሄዳ፣ «መቆፈር አለ» አለችው። ፍልፈል ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት፤ ደግማ ነገረችው። አህያ ታናሽ እህቷን ይዛ መጣች። ጅብም ወሬው ደርሶት ከመንገድ ጠበቃት።

«ለጥበቃ ተመዝገብ ልትዪኝ ነው?» አላት።

«አያ ጅቦ፣ ለአንተ የሚሆን ሥራ የለንም» አለችው ቆቅ። ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ነገር ግን አለችው። አያ በሬ ከኋላዋ ቆሞ ቀንዱን ዝቅ አደረገ። ጅብ ተቀይሞ ሄደ።

በዚያ ማክሰኞ አንዲት ትንሽ ክትር ከአናቱ ላይ ቆመች። ከሩቅ ሆኖ ሲያይ የዋለው በቅሎ ወደ ማታ ቀረብ አለ። ቆቅ አየችው። «አያ በቅሎ፣ የአህዮቹ እግር ገደሉ አፋፍ ላይ ይንሸራተታል። የአንተ እግር አይስትም። ነገ ፊት ፊት ሆነህ ብትመራቸው» አለችው። በቅሎ መለያ ክሩን ፈትቶ ከአንድ አስታ ላይ ሰቀለውና በማግስቱ ንጋት ላይ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። እመት ጦጣም መጣች። ቁጥር ስለምታውቅ ለእያንዳንዱ ክትር ስንት ድንጋይ እንደሚያስፈልግ አሰላች፤ ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ተርፎም ጎድሎም አያውቅም።

ጉንዳኖች ግን ለመመለስ ጊዜ ወሰደባቸው። የመጀመሪያውን ቀን መጥተው፣ «ስንት ነው?» አሉ። ቆቅ፣ «ለማንም የለም፤ ብርዝ ግን ለሁሉም አለ» አለቻቸው። ግማሾቹ ሄዱ፤ ግማሾቹ ጠጠሩን አነሱ። እመት ጥንቸል አልተመለሰችም። ቆቅ ሁለት ጊዜ ልካባት ነበር። ልጆቼን የቀበረ ሰው አለ ወይ ብላ መልእክተኛውን መለሰችው።

ቦረቦሩ ገና አልተዘጋም። በኮሶው ቦታ የበቀለው ችግኝም ገና ዛፍ አልሆነም፤ አያ በሬ አይቶት እንደማይሞት ለቆቅ ነግሯታል፤ እሱ ግን በጥላው እንደማይተኛ ያውቃል። ምንጯ ከድንጋዩ ሥር በቀጭኑ መውጣት ጀምራለች፤ ለግልገል ይበቃል፣ ለበሬ አይበቃም።

የሚቀጥለው ደቦ ጥምቀት ባለፈ ማክሰኞ ነው። ሥራው ከላይ ሦስተኛው ክትር ነው። ጫኝ አራት፣ ቆፋሪ ሁለት፣ ደርዳሪ አንድ ይበቃል። ጠጠር ማንሳት የሚችል ካለ ይምጣ። ብርዝ ተበጥብጧል። ጀርባው የታመመ ቀድሞ ለቆቅ ይንገራት፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።